በድርቅ ጊዜ ለከብት የከርሰ ምድር ውሃ፦ ፈቃድ፣ ጉድጓድና ገንዳ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ዝናብ አንድ ወቅት ሲቀር አርብቶ አደር ይታገሳል። ሁለተኛው ሲቀር መንጋውን ከፋፍሎ ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይልካል። ሦስተኛው ሲቀር ከተማ ላለው ዘመዱ ይደውላል። "ጉድጓድ ብናስቆፍርስ? ማን ነው የሚፈቅድልን?" ይላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በአካባቢው ቆላዎች 5 የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። ያን ጊዜ ይህ ጥያቄ ያልገባበት ቤት አልነበረም።

እዚህ የሰበሰብኩት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ነው። ስለ ሕጉ የምናገረው በፌዴራሉ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ላይ ተመሥርቼ ነው። ክልሎች የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ስለዚህ ዶማ ከማንሳታችሁ ወይም ለቆፋሪ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የወረዳችሁን ውሃ ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ።

በእጅ ጉድጓድ ቆፍሬ ከብቶቼን ባጠጣ ፈቃድ እጠየቃለሁ?

አትጠየቁም። አዋጅ ቁጥር 197/1992 በአንቀጽ 11 ላይ ፈቃድ የሚጠይቁ ሥራዎችን ይዘረዝራል። የውሃ ሥራ መገንባት፣ ለራስም ሆነ ለሌላ ውሃ ማቅረብ፣ ያወጡትን ውሃ ለሌላ ማስተላለፍ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አንቀጽ 12 ደግሞ በሩን ይከፍታል። ጉድጓድ በእጅ መቆፈርና ከዚያ ጉድጓድ ውሃ መጠቀም ያለ ፈቃድ ይቻላል። ውሃን ለባህላዊ መስኖ፣ ለባህላዊ ማዕድን ማውጣት፣ ለባህላዊ የከብት እርባታና ለውሃ ወፍጮ መጠቀምም እንዲሁ።

ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። "ወረቀት የለህም" ተብሎ ዶማውን አስቀምጦ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ወረቀት የማያስፈልገው ሥራ ነበር።

"ባህላዊ የከብት እርባታ" የሚባለው የትኛው ነው?

እኔ እንደምረዳው፣ በዘልማድ መንጋውን በግጦሽ የሚያሰማራ፣ ከኤላ (በእጅ ከተቆፈረ ባህላዊ ጥልቅ ጉድጓድ)፣ ከኩሬ፣ ከወንዝ ወይም ከእጅ ጉድጓድ የሚያጠጣ ቤተሰብ ወይም ጎሳ ማለት ነው። የማደለቢያ ድርጅት፣ የወተት ላሞች እርሻ፣ ኢንቨስትመንት ፈቃድ አውጥቶ አጥር ያጠረ ራንች ከዚህ ውጭ ነው። ልዩነቱ በከብቱ ብዛት ብቻ አይለካም። 300 ከብት ያለው የቦረና አባወራ ባህላዊ አርቢ ነው። 40 የፈረንጅ ላም በሞተር ጉድጓድ የሚያጠጣ ባለሀብት ግን ንግድ ላይ ነው። እሱ ፈቃድ ያወጣል።

ሌላ አገር "ጊዜያዊ የድርቅ ፈቃድ" አለ ይባላል። እኛ ጋስ?

ሌላ አገር አዎ፣ አለ። ለምሳሌ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት አገረ ገዥው በአንድ አውራጃ ድርቅ መግባቱን ሲያውጁ፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል የአደጋ ጊዜ ፈቃድ መስጠት ይችላል። እዚያ ድርቁ ሲታወጅ የተለየ መንገድ ይከፈታል።

የእኛ አዋጅ አካሄዱ ሌላ ነው። ባህላዊ አርቢውን ከመጀመሪያው ነፃ አድርጎታል፤ ድርቅ ቢኖርም ባይኖርም። ስለዚህ አርብቶ አደሩ በድርቅ ሰዓት ፈቃድ ፍለጋ መሯሯጥ የለበትም። ጣጣው የሚመጣው ሪግ (የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን) ሲመጣ ነው።

ሪግ አምጥተን ጥልቅ ጉድጓድ ብናስቆፍርስ?

ይሄ የውሃ ሥራ ግንባታ ነው። ፈቃድ ያስፈልጋል። ቆፋሪውም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው መሆን አለበት። "ለከብት ነው፣ ለድርቅ ነው፣ ለሦስት ወር ነው" ማለት ከፈቃድ አያወጣም። መቶና ሁለት መቶ ሜትር የወረደ ጉድጓድ ለሦስት ወር አይቆፈርም። ከተቆፈረ ለልጅ ልጅ ይቀራል። በጥሩም በመጥፎም።

አንዳንድ ጊዜ ዲያስፖራ ወገኖቻችን ገንዘብ አዋጥተው፣ ሪግ ተከራይተው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃ ማየት ይፈልጋሉ። ልባቸው ይገባኛል። ከብት እየሞተ ፎቶ ሲደርስህ እንቅልፍ አይወስድህም። ግን ሪጉ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሦስት ነገር መያዝ አለበት። አንደኛ ከክልሉ ወይም ከወረዳው ውሃ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ። ሁለተኛ የከርሰ ምድር ጥናት። ሦስተኛ የአካባቢው ሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ። ሦስተኛውን የሚረሳው ሰው ይበዛል። በኋላ ጠብ የሚነሳውም እዚያ ላይ ነው።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? ፌዴራል ወይስ ክልል?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ክልል የሚያቋርጡና ድንበር የሚሻገሩ ውሃዎችን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መንግሥት ነው። አንቀጽ 52 ደግሞ መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት የማስተዳደሩን ሥራ ለክልል ይሰጣል። አዋጁ "ተቆጣጣሪ አካል" የሚለው ሚኒስቴሩን ወይም ውክልና የተሰጠውን አካል ነው። ዛሬ ሚኒስቴሩ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ይባላል።

በተግባር ለአንድ የከብት ማጠጫ ጉድጓድ አዲስ አበባ መምጣት ማለት ጊዜ ማባከን ነው። ከወረዳ ጀምሩ። ወረዳው ዞን ይልካችኋል፣ ዞኑ ክልል። ደብዳቤ የያዘ ሰው ከወሬ ይልቅ ይደመጣልና ከየደረጃው ማኅተም ያለበት ነገር ይዛችሁ ውጡ።

ማመልከቻው ላይ ምን ልጻፍ?

ቦታው የት ነው (ቀበሌ፣ ጎጥ፣ ከተቻለ የጂፒኤስ ነጥብ)፣ ለምን ዓላማ፣ በቀን ስንት ሊትር፣ ስንት ከብትና ስንት ሰው ይጠቀማል፣ በምን ይወጣል (በእጅ ፓምፕ፣ በጄነሬተር፣ በሶላር)፣ ማን ያስተዳድረዋል። በቅርብ ያሉ ሌሎች ጉድጓዶችን ጥቀሱ። አዲሱ ጉድጓድ የአሮጌውን ውሃ ሊስብ ይችላል። ባለሙያው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።

እኔ አንድ መስመር እንዲጨመር ሁልጊዜ እመክራለሁ፦ "ዝናብ ሲገባ ይዘጋል፤ ቁልፉን የሚይዙት እነ እገሌ ናቸው።" ማንም አልጠየቃችሁም ይሆናል። ጻፉት። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እናገራለሁ።

ሰውና ከብት ሲሻሙ ቅድሚያው ለማን ነው?

ለሰው። የአዋጁ አንቀጽ 7 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል ይላል። የ1991ዱ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ግን ጥሩ ነገር ይጨምራል። በውሃ ድልድል ላይ ከፍተኛው ቅድሚያ የሚሰጠው መሠረታዊው መጠን የሰውን ብቻ ሳይሆን የከብትንም ፍላጎት የያዘ ነው። ይህን የጻፈው ሰው አርብቶ አደርን ያውቃል እላለሁ። ቆላ ላይ ላሟ ከሞተች ሕፃኑ ወተት የለውም። ሁለቱን ለያይቶ ማየት አይቻልም።

ጉድጓዱ ላይ ግን መለየት ይቻላል፣ የግድም ነው። የሰው ቧንቧ በአንድ በኩል፣ የከብት ገንዳ ራቅ ብሎ በሌላ በኩል ይሁን። በመካከሉ አጥር፣ ከገንዳው የሚፈሰው ውሃ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ የማይመለስበት ቦይ ያስፈልጋል። ጉድጓድ አፍ ላይ የሚያጠጡበት ቦታ ሁሉ እበቱ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ሕፃናት ይታመማሉ።

ቦረና ላይ ኤላ የቆፈረ ጎሳ ሌላውን መከልከል ይችላል?

ይሄ ጥያቄ ሰፊ ነው። መጀመሪያ ሕጉን እንይ። አንቀጽ 5 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ማንም "የኔ ውሃ" ሊል አይችልም።

የቦረና ልማድ ግን ከአዋጁ በጣም ይቀድማል። እንደ ዱብሉቅ ያሉት ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ ኦኮሌ የሚባለውን የቆዳ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጣሉ። ኤላውን ጀምሮ የቆፈረው ሰውና ዘሩ አባ ኮንፊ ይባላል። ክብርና ቅድሚያ አለው። ቁፋሮውም የሰውዬው ብቻ አይደለም፤ ጎሳው ጉልበት ያዋጣል፣ ለሠራተኛው ወይፈን ይታረዳል። ስለዚህ ኤላው ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ ግን ብቻውን አይደለም።

በየቀኑ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስነው አባ ሄሬጋ ነው። ተራውን ይመድባል። ሰው ያላመጣ፣ ለማውጣት ያልረዳ፣ ገንዳ ያልጠገነ ወደ ኋላ ይላል። እንግዳም ቢሆን ጠይቆ፣ ተራ ይዞ፣ ጉልበት አዋጥቶ ያጠጣል። ውሃውን በገንዘብ መሸጥ ነውር ነው።

በድርቅ ሰዓት ከሌላ ዞን መንጋ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደብዳቤ አስቀድማችሁ አትዘርጉ። መጀመሪያ ከብቱን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። ከዚያ ሁለት ሽማግሌ ወደ አባ ሄሬጋው ይሂድ። ተራ ይሰጣችኋል። ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ ማሳየት ይቻላል። ከብቱ ቀድሞ ገንዳ ላይ ከደረሰ ደብዳቤ ምንም አያደርግም።

አንድ የሞተር ጉድጓድ ስንት ከብት ያጠጣል?

አብረን እናስላ። በሰከንድ 5 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በሰዓት 18,000 ሊትር ይሰጣል። ጄነሬተሩ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 180,000 ሊትር ነው። የቆላ ከብት በሙቀት በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ገደማ ይጠጣል። 30 እንበል። ጉድጓዱ 6,000 ከብት ያጠጣል ማለት ነው። በግና ፍየል ከ4 እስከ 5 ሊትር ይበቃቸዋል። ግመል ብዙ ቀን ታግሶ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣል። ግመል የሚመጣበትን ቀን ካላወቃችሁ ሮቶው ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

6,000 ከብት ሲባል ደስ ይላል። አሁን ሌላውን ሂሳብ ሥሩ። አንድ 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 6,000ው በቀን 36,000 ኪሎ ነው። 360 ኩንታል። በየቀኑ። በድርቅ መሬት ላይ፣ ከብቱ ተመላልሶ ሊደርስበት በሚችለው ርቀት ውስጥ ይህን ሣር ከየት ታመጣላችሁ?

ውሃው ሳይጎድል ሣሩ ያልቃል። በድርቅ አብዛኛው ከብት የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በረሃብ ነው። በሞላ ገንዳ አጠገብ ወድቆ የሚያልቅ ከብት አለ። ይህን ያየ ሰው "ሌላ ጉድጓድ" ሲባል ሁለቴ ያስባል። ስለዚህ ጉድጓድ ስትጠይቁ "በዙሪያው ስንት ቀን የሚበቃ ግጦሽ አለ?" ብላችሁ እኩል ጠይቁ። ከሌለ መኖ አብሮ መምጣት አለበት። ወይም ከብቱ ሥጋው ሳያልቅ በጊዜ ይሸጥ።

ድርቁ ካለፈ በኋላ ጉድጓዱ ክፍት ቢቀር ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። ይህን ገጽ የጻፍኩትም በዋናነት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ቦረና ሣሩን የሚጠብቀው በውሃው ነው። ዝናቡ ጋና ሲገባ ኩሬው ሁሉ ይሞላል። መንጋው ከኤላው ይርቃል፣ ወደ ዝናብ ግጦሹ ይወጣል። በኤላው ዙሪያ ያለው ሣር ያርፋል። ደረቁ ወቅት ቦና ሲመጣና ኩሬው ሲደርቅ መንጋው ወደ ኤላው ይመለሳል። ያረፈው ሣር ይጠብቀዋል። ማንም አጥር አላጠረም። ውሃው ራሱ አጥር ነው።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ጀምሮ ሶርዱ ተብሎ የሚታወቀው የደቡብ ግጦሽ መሬት ልማት ፕሮጀክት በማሽን ብዙ ኩሬ ቆፈረ። ሐሳቡ በጎ ነበር። ውሃ ባጡ ሰፋፊ ሜዳዎች ከብት እንዲሰማራ ነበር ዓላማው። ግን ውሃ ሲኖር ሰው ይሰፍራል። በዝናብ ብቻ ይበላ የነበረው ሣር ዓመቱን ሙሉ መበላት ጀመረ። ቁጥቋጦ ወረሰው። የሞተር ጉድጓድ ደግሞ ከኩሬ ይብሳል፤ በራሱ አይደርቅም። ኩሬ ቢያንስ ፀሐይ ይዘጋዋል።

"ጊዜያዊ" የምንለው ጉድጓድ በሁለተኛው ዓመት ሱቅ ይኖረዋል። በሦስተኛው መንደር ይሆናል። በአራተኛው ሰዎቹ ትምህርት ቤት ይጠይቃሉ፣ መብታቸውም ነው። ያ ሜዳ ግን በሚቀጥለው ድርቅ የሚያድን ሣር የለውም። ስለዚህ ጊዜያዊ ከተባለ እውነት ጊዜያዊ ይሁን። በሰሜን ኬንያ ለድርቅ ብቻ የሚከፈቱ ተጠባባቂ ጉድጓዶች አሉ። እኛ ጋም ይሄን ማድረግ ይቻላል። ዝናብ ሲገባ ጄነሬተሩ ይነሳ፣ የጉድጓዱ አፍ በብረት ክዳን ይቆለፍ። አንዱ ቁልፍ አባ ሄሬጋው ወይም የአገር ሽማግሌው ዘንድ፣ ሌላው ወረዳው ዘንድ ይቀመጥ። ሁለቱ ሳይስማሙ አይከፈት። መቼ እንደሚከፈት ደግሞ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ለምሳሌ "አንድ ዝናብ ከቀረና ኤላው ተራውን ማድረስ ካቃተው" ተብሎ። ሰው ተርቦ ሳለ ቁጭ ብሎ መመሪያ አይጻፍም።

ቆፋሪም፣ ለጋሽም፣ ወረዳም ስለ መክፈቻው ሪባን ያስባሉ። ስለ መዝጊያው የሚያስብ ጠፍቷል። እናንተ አስቡ።

ቦቴ ብናመጣ አይቀልም?

ለሰው ሕይወት ማዳኛ ቦቴ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለከብት ግን ከሁሉ የመጨረሻው አማራጭ ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ቦቴ በ30 ሊትር ሂሳብ 333 ከብት አንድ ቀን ያጠጣል። ነገ ደግሞ መምጣት አለበት። መንገዱ ተበላሽቶ ወይም ናፍጣ ጠፍቶ አንድ ቀን ከቀረ፣ እሱን አምኖ የተሰበሰበው መንጋ መሄጃ የለውም። ቦቴ ካመጣችሁ ለእርባታ የተመረጡትን ላሞችና ጥጆች ብቻ ይጠጡ። ለመንጋው በሙሉ አይዘልቅም።

ብዙ ጊዜ ከቦቴ የሚሻለው የተበላሸውን መጠገን ነው። አንድ ጊዜ የደረስኩበት የሞተር ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት ቆሞ ነበር። የጎደለው ለጄነሬተሩ የሚሆን አንድ ትንሽ መለዋወጫ ነበር። መንጋው ገንዳውን እየላሰ ይጮህ ነበር። በዚያው ሳምንት እዚያው ወረዳ ውስጥ ቦቴዎች ይመላለሱ ነበር።

ውሃው ጨው ጨው ቢልስ?

በአፋር፣ በሶማሌ ክልልና በስምጥ ሸለቆው ይህ ያጋጥማል። ጥልቅ ጉድጓድ ሁሉ ጣፋጭ ውሃ አይሰጥም። ላቦራቶሪ ላኩት። የሟሟው ጨው በሊትር ከ3,000 ሚሊግራም በታች ከሆነ ለከብት ደህና ነው። እስከ 5,000 ድረስ ይጠጣሉ፣ መጀመሪያ ላይ ሊያስቀምጣቸው ይችላል። ከዚያ በላይ እርጉዝና የምታጠባ ላም አታጠጡበት። 10,000 ካለፈ ተዉት። ግመል ከላም የበለጠ ጨው ይችላል።

ሰው የሚጠጣው ግን ሌላ መለኪያ አለው። በተለይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ አስመርምሩ። ለሰው ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር መብለጥ የለበትም። ልጆች ጥርሳቸው የሚበልዘው፣ ሲቆይም አጥንት የሚጎዳው ከሱ ነው። ከብት የሚጠጣው ሁሉ ለልጅ ይሆናል ማለት አይደለም።

ለውሃው መክፈል አለብን?

ለኤላ ጉልበት ይከፈላል። ለሞተር ጉድጓድ ግን ናፍጣና ዘይት ማን ይግዛ? የውሃ ኮሚቴው በከብት ራስ ትንሽ ክፍያ ቢቆርጥ ትክክል ነው። ክፍያው በግልጽ ይለጠፍ፤ ለበግ፣ ለላም፣ ለግመል ለየብቻ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ይታለፍ። ገንዘቡን የሚይዙት ሦስት ሰዎች ይሁኑ፣ አንዷ ሴት ትሁን። ውሃ ላይ ውሎዋን የምታሳልፈው እሷ ናት፤ ሳንቲሙ የት እንደገባም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።

እኛ ደጋ ነን። ሁለት በሬና አንዲት ላም ነው ያለችን። ይሄ እኛን ይመለከታል?

ይመለከታል። ዋግ ኽምራም ሆነ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ የእጅ ጉድጓድ ቆፍሮ በሬን ማጠጣት ያው በአንቀጽ 12 ነፃ ነው። ምንጭ ከሆነ ግን ከታች ያለውን ጎረቤት አስቡ። ምንጩን በቧንቧ ወደ ግቢያችሁ ብትስቡት የታችኛው ሰው ሊደርቅበት ይችላል። ያኔ የእናንተ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ቀበሌው ፊት ተስማሙ።

ጉድጓድ ስንቆፍር ምን እንጠንቀቅ?

እባካችሁ ይህን በደንብ አንብቡት። ጉድጓድ ውስጥ የሚሞት ሰው ብዙ ጊዜ አፈር ተንዶበት ወይም አየር አጥሮት ነው። ግድግዳው ልል ከሆነ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ቀለበት ሳትደግፉ አትውረዱ። ለቀናት ተዘግቶ የቆየ ጉድጓድ ውስጥ ወዲያው አትግቡ። ፋኖስ በገመድ አውርዱ። ከጠፋ ሰውም ይጠፋል።

የቤንዚን ፓምፕ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ በፍጹም አታውርዱ። ውሃው ሲርቅ "ሞተሩን ትንሽ ዝቅ እናድርገው" ይባላል። ጭሱ ሽታው ሳይታወቅ ይገድላል። ፋኖሱም ስለዚህ ጭስ አይነግራችሁም፤ እየበራ ሰው ይሞታል። አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው የገባው ወንድሙም አብሮ ይቀራል። ሞተሩ ላይ ይሁን፣ ቱቦው ብቻ ይውረድ። ከታች ያለ ሰው ሁልጊዜ ወገቡ ላይ ገመድ ይኑረው፣ ላይ ደግሞ ሊጎትቱት የሚችሉ ሁለት ሰዎች።

የሞተ ከብት ከጉድጓድ አጠገብ አይቀበር፣ አይጣል። አርቃችሁ፣ ከጉድጓዱ በታች ባለው ቁልቁለት ቅበሩት።

ለቀናት ውሃ ያላየ ከብት ገንዳ ላይ ሲደርስ እንዴት ላጠጣው?

አሮጊት እናቶች የሚያደርጉትን አድርጉ። በአንድ ጊዜ እስኪጠግብ አትልቀቁት። ትንሽ ይጠጣ፣ ጥላ ሥር ይረፍ፣ ደግሞ ይጠጣ። ደርቆ የመጣ ጥጃ በአንድ ትንፋሽ ብዙ ውሃ ከጠጣ ደሙ ሊፈርስ ይችላል። ሽንቱ ቀይ ከሆነ ምልክቱ ያ ነው፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ግመል ግን ይህን በደህና ይችላል።

ጥጆችንና ደካሞችን ከበሬዎች ለዩ። ገንዳ ላይ ተረግጦ የሚሞት ጥጃ ጥማት ከሚገድለው አያንስም። ጨው ወይም አሞሌ ውሃ ሳይጠጡ አትስጡ። የወደቀውን በጀሪካን ወዳለበት ውሰዱለት፤ አንገቱን ቀና አድርጋችሁ አፉን እርጥብ በሆነ ጨርቅ አብሱለት፣ ራሱ መዋጥ ከጀመረ በኋላ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። መዋጥ ሳይችል ብታፈሱበት ወደ ሳንባው ይገባል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ደግሞ አንድ ጊዜ ድገሙት።